ከሆዴ የወጣች

አዳማ፣ መስከረም 14 ቀን 2014 ዓ.ም.

እህቴ ኡሙልኸይር፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ከገባ መጀመሪያ ላመጣልሽ ሰው የሚጠጣ ስጪልኝ፤ ከዚያ አረፍ ብለሽ አንብቢው። እንዴት ከረምሽ ልልሽ ፈልጌ መልሱን ፈራሁት። እናትሽ እማማስ እንዴት ናቸው? ያ ጉልበታቸው ተሻላቸው? ቤታችሁስ ቆሟል?

ስልኩ ከተቋረጠ ወዲህ ያንቺን ቁጥር ስመታ የምትመልስልኝ ያቺ የማሽን ሴትዮ ብቻ ናት። እሰድባታለሁ። ምን አጠፋች ምስኪን፣ ግን ሌላ የምሰድበው አጣሁ። ኑሮዬን ከጠየቅሽኝ እንደምታውቂው ሽንኩርት ነው። ከባቱ እጭናለሁ፣ አዳማ አራግፋለሁ፣ ሲበላሽብኝ ጎረቤቱን ሁሉ እጨቀጭቃለሁ። ግቢው አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ጭር ብሏል። ያንቺ ክፍል ውስጥ የገባችው ልጅ ሰላምታ የማታውቅ ናት፤ በጆሮዋ ሁልጊዜ አንድ ነገር ሰክታለች።

እንግዲህ ዋናውን ልጠይቅሽ፤ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ እንደማልችልበት ታውቂያለሽ። ልጄ ካንቺ ጋር ናት? ማርቲ ለመጨረሻ ጊዜ የደወለችልኝ ከተማው ሊያዝ ሲል ነው። «እማ፣ የዩኒቨርሲቲው ግቢ ተበትኗል፤ መኪና የለም፤ ወደ እትዬ ኡሙ ቤት በእግሬ እየሄድኩ ነው» አለችኝ። ከዚያ ድምጿ ጠፋ። ደርሳ ይሁን መንገድ ላይ ቀርታ፣ ይኸው እስከ ዛሬ አላውቅም። እህል አፌ ሲገባ አሸዋ ይሆንብኛል።

ማርቲ ለትምህርት ወደዚያ ስትመደብ ርቀቱን አይቼ ሳለቅስ፣ «ምን ያስለቅስሻል፣ እኔ የት ሄጄ» ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ባልሽ ሲያርፍ እናትሽን ልጦር ብለሽ ከአዳማ የወጣሽ ጊዜ እንዴት ተቀይሜሽ እንደነበር አልደብቅሽም። ያን ቀን ግን እዚያ በመኖርሽ ፈጣሪዬን አመስግኜ ሻንጣዋን አሰናዳሁላት።

ደብዳቤውን የሚይዝልኝ ጃፋር ነው፣ ግቢያችን ተከራይቶ የነበረው ሾፌር። ሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር ሲጭን ኖሮ አሁን እህል ይዞ ወደ ሰሜን ይመላለሳል። መንገዱ እስካስኬደው ሄዶ፣ ከዚያ ወዲያ ጨው በአህያ ለሚያመላልሱ ነጋዴዎች አደራ ይሰጥልኛል። መልሱም በዚያው መንገድ ይመጣል ብሎኛል። ብዙ ጻፊ አልልሽም። «አለች» ብለሽ ብትልኪልኝ ይበቃኛል።

በላይነሽ


ጥቅምት 6 ቀን 2014

በላዬ፣

አለች።

ይህቺን ቃል ፍለጋ ዓይንሽ እንዳይደክም ብዬ ከሰላምታው አስቀደምኳት። አሁን ተቀመጪና ሰላምታዬን ተቀበዪ። እንደምን ከርመሻል የኔ ዓለም? ወገብሽስ? ያን የሽንኩርት ጆንያ አሁንም ራስሽ ትሸከሚያለሽ? የሺዓለም ደህና ናት? ኦቦ ባጫስ አጥሩ ላይ ቆመው እንደ ድሮው አላፊ አግዳሚውን ይመርቃሉ? ሁሉንም በስማቸው ሰላም በይልኝ። እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። ቤቱም ቆሟል፤ አንድ ጎኑ ቆርቆሮ አጥቷል እንጂ።

ማርቲ የመጣችው ጫማዋን በእጇ ይዛ ነው፣ እግሯ አብጦ። እማማ ዓይኗ እንደደከመ ታውቂያለሽ፤ «የማን ልጅ ናት?» ስትለኝ «የኛ ናት» አልኳት። «እንግዲያማ ምን አስቆማት» ብላ ከአልጋዋ ጠጋ አለችላት። ከዚያ ቀን ወዲህ አብረው ነው የሚተኙት። እማማ ማታ ማታ የጥንት ታሪክ ታወራላታለች፤ ልጅሽም እውነት ይመስላታል መሰል በጸጥታ ትሰማለች።

ነጋዴው «ምን ይበላሉ ብላችሁ ጠይቁልኝ ብላለች» አለኝ። ማሽላ እንበላለን። ሽሮም አለችን፤ ትንሽ ቀጠነች እንጂ አልጠፋችም። ስንትና ስንት ሰው ይህንንም አጥቷልና በኛ አታልቅሺ። ጎረቤት ያለውን ያካፍላል፣ እኛም ያለንን እናካፍላለን። እንዲህ ባይሆን ኖሮ ማንም ለጥቅምት አይደርስም ነበር።

ራሷ እንድትጽፍልሽ ፈልጌ ነበር፤ አሁን ግን ተኝታለችና መቀስቀሱ ከበደኝ። በሌላ ጊዜ ትጽፍልሻለች። የቀረውን ወሬ ስንገናኝ እንጫወተዋለን። አብሽሪ።

ኡሙልኸይር


አዳማ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2014

ኡሙዬ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ፤ ፈጣሪ ያክብርልኝ። «አለች» የምትለዋን ሳነብ እዚያው ሽንኩርቱ ክምር ላይ ተቀመጥኩ፤ ጫኞቹ ታመመች ብለው ውሃ አመጡልኝ። ያን ቀን በሰላም እንቅልፍ ወሰደኝ።

በነጋታው ግን እንደገና አነበብኩትና አንድ ነገር ከነከነኝ። ልጄ ለምን አልጻፈችም? ተኝታለች ትይኛለሽ። ጃፋርን ጠየቅኩት፤ ነጋዴው ወረቀቱን ካንቺ እጅ የተቀበለው በጠራራ ፀሐይ እንደሆነ ነገረኝ። እኔ በጠራራ ፀሐይ የምትተኛ ልጅ አልወለድኩም። ያውም እናቷ ደብዳቤ ልካላት።

አትቆጪኝ። በኛ ዘንድ ሞት በወረቀት እንደማይላክ አንቺም እኔም እናውቃለን። ወንድሜ መተሐራ ያረፈ ጊዜ አንቺ ከሁሉም ቀድመሽ ሰምተሽ፣ ፊትሽ ሳይለወጥ ገንፎ ሠርተሽ አብልተሽኝ፣ «ጨርሺው እንጂ» እያልሽ ጎርሰሽ አጉርሰሽኝ ነው ሽማግሌዎቹን ለመርዶ ያስገባሽብኝ። ሆዷ ባዶ ሆኖ አትስማ ብለሽ መሆኑ ገብቶኛል፣ እስከ ዛሬም አመሰግንሻለሁ። ነገር ግን እንዴት አድርገሽ መደበቅ እንደምትችዪ ያየሁ ሰው ነኝ፤ «ደህና ናት» ስትዪኝ እንዴት ልመንሽ?

የሰፈሩም ሁኔታ አላማረኝም። ትናንት የሺዓለም መጥታ ሽንኩርት ገዛች። ስንት ነው አላለችም፣ ቀንሺ አላለችም፣ የተበላሸውን አልለየችም። ከፍላ፣ ትከሻዬን ይዛ ቆየችና ሄደች። አንቺ የሺዓለም ሳትከራከር ስትገዛ አይተሽ ታውቂያለሽ? እድር ውስጥ ያለች ሴት እንዲህ ስትሆን ምን እንደሚመጣ ልቤ ያውቀዋል።

ሞታ ከሆነ አንቺው ጻፊልኝ። ሰዎች ጎህ ሲቀድ በሬን ከሚቆረቁሩብኝ ካንቺ ብሰማው ይሻለኛል። ታማም ከሆነ ንገሪኝ። ለማንኛውም ብዬ የትኩሳት ኪኒን፣ የወባ መድኃኒት፣ ለተቅማጥ የሚበጠበጠውን ዱቄትና ከወንጂ የመጣ ስኳር በጃፋር ልኬያለሁ። ስኳሩን ለእማማ ሻይ በደንብ ጨምሪላቸው፣ ይወዳሉ።

በላይነሽ


ኅዳር 5 ቀን 2014

በላዬ፣

አልሞተችም። ከታች ያለውን የራሷን ጽሑፍ መጀመሪያ አንብቢ፤ ከዚያ ተመለሺና እኔን ስደቢኝ።

አነበብሽ? እንግዲህ እውነቱን ልንገርሽ። ያን ጊዜ ስጽፍልሽ ታማ ነበር፤ ታይፎይድ ነው አሉን። ትኩሳቱ ስትጠራሽ ያሳድራት ነበር። እኔ እዚህ አጠገቧ ሆኜ እጄ የሚጨብጠው ካጣ፣ አንቺ እዚያ ሆነሽ ምን እንድታደርጊ ልንገርሽ? መንገድ የለ፣ መኪና የለ። ዝም ብዬ ልቻለው አልኩ። የቀበሌያችን ጤና ጣቢያ ይሠራ የነበረ ሰው ያስቀመጠውን መድኃኒት አካፈለን፤ አላህ ይስጠው። የላክሽው ሁሉ ሲደርስ እሷ ተነስታ ነበርና ኪኒኑ ለጎረቤት ልጆች ተረፈ። እናቶቻቸው ስምሽን ሳያውቁ መርቀውሻል። ስኳሩን እማማ ከትራሷ ሥር አድርጋዋለች።

አሁን የዶሮዋን ነገር ልንገርሽና ትንሽ ሳቂ። በሽተኛ ሾርባ ያስፈልገዋል። አንዲት ዶሮ ነበረችን፣ ከተማው ሲያዝ አልጋ ሥር ደብቀናት የተረፈች። ትታረድ ብል ማን ይባርካት? የኛ ሰው ቢያርዳት ማርቲ አትበላትም። አንቺ ድግስ ባለብሽ ቁጥር በሙስሊም እጅ አሳርደሽ፣ ድስቱን ለይተሽ ስታበዪኝ የኖርሽ ሴት ነሽ፤ ልጅሽን በበሽታዋ ላይ ከሃይማኖቷ ባወጣት ምን ዓይን ይኖረኛል? ክርስቲያን ወንድ ስፈልግ ሰፈሩ ሸሽቷል። ኋላ አንድ የቤተ ክርስቲያን ዘበኛ የነበሩ ሽማግሌ አገኘሁና ቢላቸውን ይዘው መጡ። ይኼኔ ማርቲ ከተኛችበት ቀና ብላ «እማማ የማትበላውን እኔ ብቻዬን አልበላም» አለች። እማማ ደግሞ «እኔ በየትኛው ጥርሴ? ለልጅቷ ይታረድላት» ትላለች። ማርቲ «ለእማማ በሼሁ እጅ ይሁን፣ እኔ ሽሮው ይሻለኛል» ትላለች። ሽማግሌው ቆመው ቆመው «በሉ እናንተ ስትስማሙ ጥሩኝ» ብለው ሄዱ። እኛም ሳንስማማ ቀረን። ዶሮዋ በዚያው ሰሞን እንቁላል መጣል ጀመረች። እንቁላል የሚባርክ አይፈልግ፣ ሃይማኖት የለው። ልጅሽን ከአልጋ ያነሳት እሱ ነው። ረቡዕና ዓርብ «ለበሽተኛ ይፈቀዳል» ብላት እንኳ እሺ አላለችኝም፤ ለዚያ ነው ቶሎ ያልወፈረችው።

አንድ ነገር ደግሞ ሰው ሳይነግርሽ ልንገርሽ። እዚህ ሀያት ብለን ነው የምንጠራት፤ ሻሽም ታስራለች። ማተቧን ግን አልበጠስኩም። ፈትቼ ከፀጉሯ ጋር ሹሩባ ውስጥ ጎንጉኜዋለሁ፤ ማንም አያየውም፣ እሷ ግን ስትተኛ በእጇ ትዳስሰዋለች። ምክንያቱን አሁን አትጠይቂኝ።

ኡሙልኸይር

እማ፣ እኔ ነኝ። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ጽሑፌ እንደ አንደኛ ክፍል ሆኗል፣ አትሳቂብኝ። ታምሜ ነበር፣ ድኛለሁ። እትዬ ኡሙ የሚበላውን ሁሉ ለኛ ሰጥታ «እኔ ቅድም በልቻለሁ» ትላለች፤ ቅድም መቼ እንደሆነ ግን አናውቅም። ዶሮዋን «ይሉኝታ» ብለናታል። እማ፣ እመጣለሁ። አታልቅሺ፣ እሺ? ማርቲ።


አዳማ፣ ኅዳር 22 ቀን 2014

ኡሙዬ፣

ልስደብሽ ብዬ ብዕር አነሳሁ፤ አልሆነልኝም። ይኸው ከጠዋት ጀምሮ ወረቀቱ ላይ የሚወርደው እንባ ነው፤ ስለዚህ አንዳንዱ ፊደል ቢጠፋብሽ ገምቺው።

ደብዳቤሽ ዓርብ ማታ ደረሰ። ለካ ልቤ አልዋሸኝም ነበር። ከናንተ በኩል የሸሸ አንድ ሰው «ተማሪዎቹ አልቀዋል» ብሎ አውርቶ፣ እድሩ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሊያረዳኝ ቀን ቆርጦ ነበር። ድንኳኑ ሁሉ ከመጋዘን ወጥቷል። የማርቲን ጽሑፍ ይዤ በነጠላ ጫማ የሺዓለም ቤት ሮጥኩና ፊቷ ላይ ዘረጋሁላት። አንብባ እዚያው ደጃፏ ላይ ተደፍታ መሬት ሳመች። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሰዎቹ እውነትም መጡ፤ ግን እልል እያሉ ነው የመጡት። ኦቦ ባጫ በኦሮምኛ መርቀው መርቀው ሲደክማቸው በአማርኛ ቀጠሉ። ድንኳኑ ከወጣ አይቀር ብለው ተከሉትና እዚያ ሥር ሻይ ጠጣን።

ይሉኝታ ሰው ሲጎዳ ነው ያየሁት፤ ሲያድን ያየሁት እናንተ ቤት ነው። ለዚያ ጤና ጣቢያ ለነበረው ሰው፣ ለቢላዋ ባለቤት ሽማግሌ፣ ለእማማ፣ ለሁሉም እጅ ነሺልኝ። ስለ ስሟና ስለ ሻሹ አልጠይቅሽም። አንቺ ያደረግሽው ምክንያት አለው። ሀያትም በያት፣ የፈለግሽውን በያት፤ ብቻ ስትጠሪያት አቤት ትበልሽ።

«ቅድም በልቻለሁ» የሚለውን ነገር ግን ተዪ። ለኔ ስትዪ ብዪ።

በላይነሽ


ታኅሣሥ 17 ቀን 2014

በላዬ፣

ይህን ደብዳቤ የምትሰጥሽ ማርቲ ናት። ስለዚህ አሁኑኑ አታንብቢው። ልጅሽን እቀፊያት፣ እያት፣ አብያት። ስትረጋጉ ተመለሺበት።

መንገዱ ተከፈተ፤ የሚገርምሽ ጃፋር መኪናውን ይዞ እስከ በሬ ድረስ መጣ። ማርቲን ሲያይ ፊቱን ወደ ጎማው አዙሮ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ከዚያ «ጎማው አየር አንሶታል» አለን። ነገ ይሄዳሉ። እኔ ለምን አብሬ እንዳልመጣሁ ትጠይቂኛለሽ፤ እማማን ጥዬ የት እሄዳለሁ? ደህና ናት፣ ሰላም ብላሻለች።

ማርቲ ከምትነግርሽ እኔው ልንገርሽ የምለው ነገር አለ። ጥቅምት ሳይገባ ነው። የታጠቁ ሰዎች ከሌላ አገር የመጣ ተማሪ አለ ወይ እያሉ ቤት ለቤት ይዞሩ ነበር። ከጎረቤታችን ሁለት ልጆች ወስደዋል፤ እስካሁን አልተመለሱም። እኛም ቤት ገቡ። «ይቺስ?» አሉኝ። «ልጄ ናት» አልኳቸው። አንዱ ልጅቷን አናግሮ «አነጋገሯ የዚህ አገር አይደለም» አለ። «አባቷ አዳማ ነበር የሚሠራው፤ እዚያ ነው ያሳደግናት» አልኩት። ይህስ ግማሹ እውነት ነው። አላመነኝም። ቁርአኑን ከመደርደሪያው አውርዶ «በይ ማዪ» አለኝ። እጄን ጫንኩና «ወላሂ ከሆዴ የወጣች ልጄ ናት» ብዬ ማልኩ። አየኝ አየኝና ጓደኞቹን ይዞ ወጣ።

የመስጊዳችን ሼህ ሀሰን ነፍስ ለማዳን ነውና ኃጢአት የለብሽም ብለውኛል። እኔ ግን በሕይወቴ ቁርአን ይዤ ዋሽቼ አላውቅምና ልቤ አላረፈም። የመሐላ ካሣው አሥር ድሃ ማብላት ነው፣ ላልቻለ ሦስት ቀን መጾም። አሥር ድሃ ልሰብስብ ብል አንዷ እኔው ነኝ። ስለዚህ ጾምኩ።

አሁንም የማይለቀኝ ግን መዋሸቴ አይደለም። ለማንም ያልነገርኩት ሌላ ነገር አለ። በላዬ፣ ስምል ደስ አለኝ። አላህ ልጅ እንዳልሰጠኝ ታውቂያለሽ፤ ባሌም አንድ ቀን እንኳ ክፉ ቃል ሳይናገረኝ ሞተ። «ከሆዴ የወጣች» የሚለውን ቃል እኔ በዕድሜዬ ብዬው አላውቅም። በዚያ ሁሉ ፍርሃት መካከል አፌ ላይ ጣፈጠኝ። ሰዎቹ ከወጡ በኋላ እንኳ ቃሉን በልቤ እደጋግመው ነበር። የሰው ልጅ መስረቅ መሰለኝ፣ ያውም ያንቺን። እሷን ስታዪ ይህን አውቀሽ ይቅር እንድትዪኝ ነው የጻፍኩልሽ።

ኡሙልኸይር


አዳማ፣ ጥር 4 ቀን 2014

አንቺ ሌባ፣

ልጄ ገባች። ከስታለች፣ ፀጉሯ ሳስቷል፣ በር ሲንኳኳ ትደነግጣለች፤ ግን ገባች። እጇን ይዤ ነው የማድረው። በመጀመሪያው ጠዋት የሺዓለም ብቅ ስትል «አሰላሙ አለይኩም» ብላ ተቀበለቻት፤ የሺዓለም አማተበችና «ወአለይኩም ሰላም ልጄ» አለቻት። ይኸው ሰፈሩ ሁሉ እስከ ዛሬ ይስቃል።

አሁን ወደ ጠብ ልግባ። «እማማ ደህና ናት፣ ሰላም ብላሻለች» ብለሽ ጽፈሽልኛል። ማርቲ ቁርስ አቅርባ፣ «ጨርሺው እንጂ እማ» ስትለኝ ነው የገባኝ። ያንቺው ተማሪ ናት፤ ስጠይቃት ሁሉንም ነገረችኝ። እማማ ኅዳር ሳያልቅ አርፈው፣ አንቺ ያለ እኛ ቀብረሽ፣ «ልጇ በመምጣቷ ደስታዋን እንዳላጎድልባት» ብለሽ ደበቅሽኝ። አላህ ይዘንላቸው። ልጄን ከአልጋቸው ጠጋ ብለው ያስተኙ ሴት ናቸውና እንደ እናቴ ለቅሶ ተቀምጫለሁ። እድሩ ወንበር አወጣ፣ ከመስጊዱ በኩል የሚያውቁሽ ሁሉ መጡ፣ ኡስታዙ ዱዓ አደረጉ። ብቻሽን እንዳለቀስሽ አትቁጠሪው።

ስለ መሐላው ደግሞ። አንብቤ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ ቀናሁ። ቀኑን ሙሉ ሽንኩርት ስለቅም ዋልኩ። ማታ ኦቦ ባጫ አጥሩ ላይ ሆነው «በላይነሽ፣ ምን ሆነሻል?» ሲሉኝ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ሰሙኝ፣ ጺማቸውን ዳበሱ። «እኛ ዘንድ ይህ ውሸት አይባልም፤ ያልተፈጸመ ጉዳይ ነው የሚባለው» አሉኝ። አዳሚ ቱሉ ልጅ ሳሉ ያዩትን አጫወቱኝ። ሽማግሌ በተቀመጠበት ያልወለደቻት ሴት አውራ ጣቷን ማር ውስጥ ነክራ ልጅቷን ታጠባታለች፤ ከዚያ ወዲያ ልጅቷ የጡት ልጇ ናት፣ ማንም አይነጥላቸውም። የኔም አያቶች ያደርጉት እንደነበር ሲነገር መስማቴን አስታወስኩ። «ሃያ ዓመት ያለፋትም ትጠባለች ወይ?» አልኳቸው። «በድሮ ጊዜ ጺም ያወጣ ሁሉ ይጠባ ነበር» ብለው ሳቁ።

ማርቲን ጠየቅኳት። እንዳትከፋ ብዬ ቀስ ብዬ ነበር የጀመርኩት። ቶሎ ብላ ምን አለችኝ መሰለሽ? «እማ፣ እሷ ስትምል እኔ እኮ በልቤ አሜን ብያለሁ።»

ይህን ከሰማሁ በኋላ ቅናቱም ለቀቀኝ። እኔ አዳማ ላይ በአዋላጅ እጅ ወለድኳት፤ አንቺ ደግሞ ጠመንጃ ፊት ቆመሽ ወለድሻት። ምጥሽ ከኔ ምጥ አያንስም። ምን ልስጥሽ ብዬ ቤቴን ዞሬ አየሁት፤ ለዚህ የሚመጥን አንድም ነገር የለኝም። ያለችኝ እሷ ናት፤ ግማሿን ውሰጂ። የሰረቅሽኝ የለም፣ እኔ ነኝ የሰጠሁሽ።

ጃፋር በሚቀጥለው ጉዞው ጭኖሽ ይመጣል። ማሩን ኦቦ ባጫ ከአዳሚ ቱሉ ያስመጣሉ። ያቺን ሰላምታ የማታውቅ ተከራይ አስወጥቼ ክፍልሽን ኖራ አስቀብቻለሁ። እማማም አላህ ጋር ናቸውና ሰበብ የለሽም።

በላይነሽ


ጥር 21 ቀን 2014

በላዬ፣

ደብዳቤሽን ይዤ ሼህ ሀሰን ዘንድ ሄድኩ። ለሳቸው ሳልነግር የማደርገው ነገር የለማ። አነበብኩላቸው፤ የመጨረሻውን ራሳቸው ተቀብለው ጨረሱት። ማርም ሆነ ጣት በሸሪዓው ልጅ አያደርግም፣ በጡት የሚዛመደው ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነው አሉኝ። ይህን ባውቀውም ከአፋቸው ስሰማው ከፋኝ።

«ታዲያ አልሂድ?» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። «ልጅቷ አሜን ብያለሁ ብላ የለም ወይ?» አሉኝ።

«ብላለች።»

«ታዲያ እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? የሕጉን ነገርኩሽ። ልጅ ስትጠራሽ ግን ተነስቶ መሄድ ነው።»

የቤቱን ቁልፍ ለጎረቤት ሰጥቻለሁ። የእማማን መቃብር ድንጋይ ደርድሬ፣ ውሃ አፍስሼ፣ የምሄድበትን ነግሬያታለሁ። ጃፋር ሞተር አስነስቶ እየጠራኝ ነው። ይህንን ወረቀት የሚይዝልኝ ሌላ ሰው አልፈለግኩም፤ በራሴው እጅ ነው የምሰጥሽ። ስለዚህ ይህን ስታነቢ ፊት ለፊትሽ ተቀምጫለሁ፣ ልጃችንም ከጎኔ ናት። ወረቀቱን አስቀምጪና ቀና በይ።